የመምህሩ ብርቱካን

የማንንም ሐቅና ድርሻ ለማይረሳው ጌታ ምስጋና ይድረሰው። ይህን ታሪክ ያወጉኝ ሽማግሌ የከተማዋን ስም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። በግንብ የታጠረች፣ መስጊዶቿ ከቤቶቿ የማይተናነሱ የጥንት ከተማ ነበረች አሉኝ። ስሟን ባውቀውም አልጽፈውም ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር የተሠራባት እሷ ብቻ አይደለችምና።

በዚያች ከተማ ሙስሐፍ፣ የቁርኣን መጽሐፍ፣ በቆዳ የሚደጉሱ ሰዎች ማኅበር ነበራቸው። ኃላፊያቸው አሚን ይባላል። በዚህ ታሪክ ዘመን አሚኑ ሳቢት የሚባል፣ ንግግር የሚያውቅ፣ ሶላቱ የማያልፈው፣ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ከማኅበሩ አባላት ሁሉ በሙያ የሚልቁት ግን ሐጂ ዙበይር ነበሩ። እሳቸው የደጎሱት ሙስሐፍ ባለቤቱ አርጅቶ ሲሞት እንኳ ስፌቱ አይላላም ነበር ይባላል።

ሐጂ ዙበይር በየሐሙሱ ከቀትሩ ዙሁር ሶላት እስከ ማታው መግሪብ በማኅበሩ አዳራሽ ሙያውን ያስተምሩ ነበር። ሐሙስ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ሌሎቹ ደጓሾች ገበያ ላይ ሥራቸውን ዘርግተው ሲውሉ እሳቸው አዳራሹ ውስጥ የጀማሪ እጅ ሲያቀኑ ይውላሉ። በዚያ ላይ የማኅበሩ ልማድ አለ፤ ተማሪ ያበላሸው ቆዳ የመምህሩ ነው። የጥንቶቹ ይህን የደነገጉት መምህሩ የተማሪውን ቢላ ነቅቶ እንዲጠብቅ ብለው ነበር። በኋላ ምክንያቱ ተረሳና ሸክሙ ብቻ ቀረ። የጀማሪ ቢላ ደግሞ መንሸራተቱ አይቀርም፤ ጠርዙ አንዴ ከተቆረጠ ያ የፍየል ቆዳ ለምንም አይሆንም። የሐጂ ዙበይር ሚስት የብር አምባሮች አንድ በአንድ እየተሸጡ ቆዳ ሆኑ፤ ቆዳውም ተቆራርጦ ተጣለ። ሚስታቸው ሞተች። ሐጂም ሐሙስ ሐሙስ ማታ ውኃ ጠጥተው መተኛት ለመዱ።

አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በስብሰባ ላይ ተነስተው ጠየቁ። ለማስተማሪያ የሚሆነውን ቆዳ ማኅበሩ ቢችል፣ ለሚያስተምረው ሰውም የዚያን ቀን ራቱን ቢሰጥ ምን ይመስላችኋል አሉ። ከዚያ አሚን ሳቢት በለሰለሰ ድምፅ መለሰላቸው።

«ሐጂ፣ ዒልም፣ እውቀት ይሸጣል እንዴ? የእርስዎን አጅር፣ የድካምዎን ዋጋ፣ እኛ ሰፍረን የምንችለው አይደለም። አላህ ዘንድ ነው ያለው።»

ሁሉም አሚን አሚን አሉ። አንዳንዶቹ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ላቡ ሳይደርቅ የሠራተኛውን ዋጋ ስጡ ሲባል በየጁሙዓው ሑጥባ ሲሰሙ የኖሩትን በዚያ ቀን ያስታወሰ አንድም አልተገኘም። ሐጂ ዙበይር አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ፤ በሚቀጥለው ሐሙስም ቆዳቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ።

ለነገሩ ማኅበሩ ጨርሶ አልረሳቸውም። ከግንቡ ውጭ ማኅበሩ የሚያዝበት አንድ የብርቱካን አትክልት ነበር። ፍሬው በየዓመቱ በመውሊድ ድግስ ይበላል፤ ከዚያ ላይ አንድ ሰፌድ ለሐጂ ዙበይር ይላካል። ሐጂም ለአሚኑ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉና ብርቱካኑን ለተማሪዎቻቸው ያካፍሉታል።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ሙያውን ጨርሶ የያዘው ሺሃብ ነበር። ጎልማሳ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት። ሌላው ሁሉ መቁረጥን ወይም መስፋትን ብቻ ተምሮ ወደ ገበያው ሲሮጥ እሱ ሰባት ዓመት ቆይቶ ቆዳ ከማለስለስ እስከ መጨረሻው ክዳን ድረስ ብቻውን መሥራት ቻለ። የሐጂ ዓይን እየደከመ ነበርና ሐሙስን እንዲረከባቸው ለመኑት።

ሺሃብም «አባ፣ እርስዎ ሲራቡ ብቻዎን ነው። እኔ ስራብ አምስት ሆነን ነው» አላቸው።

ሐሙስም በእሳቸው እጅ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ አንድ ሐሙስ ቀን እሜቴ መርየማ የሚባሉ አሮጊት ወደ አዳራሹ ገቡ። ከከተማዋ ተድረው ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ባላቸው ሲሞት መመለሳቸው ነበር። ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ፣ የአባቴ አትክልት የሚቀልበው መምህር ማነው ብለው ጠየቁ። ሐጂ ዙበይር አልገባቸውም። እሜቴ መርየማም አስረዷቸው። አባታቸው ሲሞቱ የብርቱካን አትክልታቸውን ወቅፍ፣ ለአላህ ተብሎ የማይነካ ስጦታ፣ አድርገው ነበር፤ ፍሬው ይህን ሙያ ለሚያስተምር ሰው ቀለብ ይሁን ብለው፣ ልጃቸው እሜቴ መርየማ ራሳቸውና የያኔው አሚን እየሰሙ።

ሐጂ ዙበይር የያዙትን ወስፌ አስቀመጡ። ይድገሙልኝ አሏቸው፤ ደገሙላቸው።

«ለካ በገዛ ቀለቤ ነው ለሳቢት ዱዓ ሳደርግለት የኖርኩት» አሉና ወስፌያቸውን መልሰው አነሱ።

እሜቴ መርየማ ግን ዝም የሚሉ ሴት አልነበሩም፤ ነገሩን ለሸሪዓው ዳኛ፣ ለቃዲው፣ አቀረቡት። አሚን ሳቢት አልካደም። ወቅፉ እንዳለ አውቃለሁ አለ። ነገር ግን ወቅፉ ለቀለብ ብሎ ለሚያስተምር ሰው ነው፤ የእኛ መምህር የሚያስተምረው ለአላህ ብሎ ነው፤ ስለዚህ የማይፈልገውን ነገር ማኅበሩ ለመውሊድ ቢበላው ሐራም አይሆንም አለ። ቃዲውም መምህሩ ራሳቸው ቀርበው ይመስክሩ ብሎ ቀን ቀጠረ።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጧት አሚን ሳቢት ሐጂ ቤት መጣ። ሌላ ነገር እንዲሉለት አልጠየቃቸውም። ሁልጊዜ የሚሉትን ብቻ፣ ለአላህ ብዬ ነው የሚለውን ብቻ እንዲናገሩ ለመናቸው። እውነት ነው አይደል አላቸው። እውነት ነው አሉት። ደስ ብሎት ወጣ። እንግዲህ እዩ፤ ሰውን በእውነቱ ማሰር በውሸቱ ከማሰር ይከፋል።

ከአስር ሶላት በኋላ ደግሞ ሺሃብ መጣ። እሱም የለመነው አንድ ቃል ነበር። ለቀለብ ብዬ ነው ያስተማርኩት ይበሉ፤ አትክልቱ ለመምህር ይመለሳል፤ እኔም ሐሙስን ተረክቤ እስክሞት አስተምራለሁ አላቸው።

ሐጂ ዙበይር መለሱለት። «ልጄ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ድካሜ በእጄ የቀረኝ ኒያዬ፣ የልቤ ሐሳብ፣ ብቻ ነው። እሱን በቃዲ ፊት ልዋሽበት?»

«የእርስዎ ኒያ የእኔን ልጆች አያበላም» አለ ሺሃብ። ከዚያ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። ነገሩ እንዳለቀለት ቆጥሮ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ቤተሰቡን ይዞ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ከከተማዋ ሄደ።

በቀጠሮው ቀን የማኅበሩ አባላት በሙሉ ተገኙ። ቃዲው ጠየቀ።

«ሐጂ ዙበይር፣ ያስተማሩት ለአላህ ብለው ነው ወይስ ለቀለብ?»

«ለአላህ ብዬ ነው።»

አሚን ሳቢት አልሐምዱሊላህ አለ። አባላቱም ተቀበሉት። ቃዲው ሊፈርድ ሲል ሐጂ እጃቸውን አነሱ።

«አልጨረስኩም። ያስተማርኩት ለአላህ ነው፤ የተራብኩት ግን በእነዚህ ነው። ሁለቱን አታደባልቁብኝ።»

ቃዲው ፍርዱን ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። ወቅፍ የሰጪው ቃል ነው፤ መምህሩ በልቡ ያሰበውን አላህ ይመዝነዋል፣ ቀለቡን ግን የመከልከል መብት የላችሁም አለ። አትክልቱም ለሚያስተምር ሰው ተመለሰ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። የዚያ ዓመት ብርቱካን ሲደርስ አሚን ሳቢት በአህያ አስጭኖ ለሐጂ ዙበይር ላከ። ሐጂ መለሱት። ዓይኔ ጠፍቷል፣ አላስተምርም፤ ይህ ለሚያስተምር ሰው ነው አሉ። ብርቱካኑ አዳራሹ ውስጥ ተራገፈ። ማን ያስተምራል ተብሎ ተጠየቀ። አሁን ቀለብ ስላለ ብዙ እጅ ተነሳ፤ ግን አንዱ መቁረጥ እንጂ መስፋት አያውቅም፣ አንዱ መስፋት እንጂ ማለስለስ አያውቅም። ሙሉውን የሚያውቀው ሰው የት እንደደረሰ አይታወቅም። እንብላው እንዳይሉ የቃዲውን ፍርድ ፈሩ፣ እንስጠው እንዳይሉ መምህር የለም። ብርቱካኑ እዚያው በሰበሰ፤ ሽታውም ለጁሙዓ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አፍንጫ አስያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከተማዋ ሰው ሙስሐፉን ለማስደጎስ ሌላ አገር መላክ ጀመረ።

ሐጂ ዙበይር ሞታቸው ሲቃረብ አሚን ሳቢት ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። ከአልጋው አጠገብ በርከክ ብሎ አውፍ ይበሉን፣ ይቅር ይበሉን አላቸው። ከልቡ ነበር ይላሉ፤ ያለቅስም ነበር።

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«የእኔን ሐቅ አውፍ ብያለሁ። የሺሃብን ግን ራሱን ፈልጋችሁ ጠይቁት።»

ከዚህ በኋላ አልተናገሩም። አላህ ይዘንላቸው።

እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ስለ ሐጂ ዙበይር ሶብርና ትዕግሥት አይደለም የማስበው። የሰውን ሐቅ ሰውየው ራሱ አውፍ ካላለ በስተቀር ዱዓም ለቅሶም እንደማያነሳው ሁላችንም ተምረናል። ሆኖም ሙያ ያለውን ሰው ና በነጻ አስተምር፣ አጅር ታገኛለህ እንለዋለን። በአላህ ካዝና ቸር መሆን ምን ያስቸግራል፤ የራሳችን ኪስ አይነካም። እሱ ለአላህ ብሎ እሺ ሲል ደግሞ ኒያውን ለእኛ ንፍገት መሸፈኛ እናደርገዋለን። እሱ ይችለው ይሆናል። ከኋላው ቆሞ የሚያየው፣ ልጆች ያሉት ሰው ግን አይቶ ይሄዳል፤ ሲሄድም አይሰናበተንም።

ባለፈው ወር በእኛ መስጊድ ኮሚቴ፣ ለሴቶች ስፌት ለምታስተምረው እህት ትንሽ ነገር ይታሰብላት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንዱ ተነስቶ እሷ የምትፈልገው አጅሯን ነው አለ። ሁላችንም ማሻአላህ አልን፤ እኔም ብያለሁ። ባለፈው ሳምንት ክፍሉ ተዘግቶ አገኘሁት። ወዴት እንደሄደች ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ ሰው የለም።