የይመር አፉታ

«አላህ የጻፈው ነው ይሉኛል! የቺንጋውን ክዳን ያነሣውም አላህ ነው?»

የዘምዘም ድምፅ ከወፍጮው ጩኸት በላይ ይሰማ ነበር። ባሏ ይመር ቺንጋው፣ ወፍጮውን የሚያዞረው የሞተር ቀበቶ፣ ይዞ የቀጠቀጠውንና በጨርቅ የተጠቀለለ ቀኝ እጁን ታቅፎ አጠገቧ አንገቱን ደፍቷል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሐጂ ቡሽራ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽን ሰብስቢ! እኔ እጅህን ቺንጋው ውስጥ ክተት አልኩት?»

«ክተት አላሉትም። ‹ቺንጋው ሲወልቅ እየዞረ መልሰው፣ ሞተሩን እንዳታጠፋ፣ ሰልፉ ረጅም ነው› ነው ያሉት። ታዲያ እጁን የት ያድርገው? ኪሱ ውስጥ?»

ለእርቅ ከተሰበሰቡት ሽማግሌዎች አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

ይህ የሆነው በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። በዚያች ከተማ ሰው ጾም ከመያዙ በፊት ያስቀየመውን «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ተበዳዩ «አፉ ብያለሁ» ካለ ሽማግሌዎች እጃቸውን ለዱዓ ያነሣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ማንሣት ነውር ነው። ሐጂ ቡሽራም ሽማግሌ የሰበሰቡት ለዚሁ ነበር። ዱዓውን የሚያደርጉት ደግሞ የመስጂዱ ኢማም ሼህ ጀውሃር ናቸው።

ሼህ ጀውሃር ጥግ ይዘው ተስቢሓቸውን ይቆጥራሉ፤ ልባቸው ግን አልረጋም። የመስጂዱን ጣሪያ ነፋስ ገንጥሎታል። ቆርቆሮውን እገዛለሁ ብለው ቃል የገቡት እኚሁ ሐጂ ናቸው።

«በል ይመር» አሉ ሐጂ ቡሽራ። «ለረመዳን ስትል አፉ በለኝ።»

ይመር ሚስቱን አየ፤ ሐጂን አየ። «አፉ... ብያለሁ፣ ሐጂ።»

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አነሡ። የሼህ ጀውሃር እጆች ግን ጉልበታቸው ላይ ቀሩ።

«ልጄ ይመር፣ ከልብህ ነው?»

«ሌላ ምን እላለሁ ሼሃችን? እሳቸውን አስቀይሜ በዚህ እጄ ማን ሥራ ይሰጠኛል? ልጆቼስ ምን ይበላሉ?»

ሼሁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣሪያ የሌለው መስጂድ ታያቸው። ከዚያም ቀስ ብለው ተናገሩ።

«በፍርሃት አፉታ ላይ ዱዓ አላደርግም። አላህ በጻፈው በቀደር እናምናለን፤ ቀደር ግን የሰው ሐቅ አያጠፋም። ይመር ይታከም፤ እስኪድን ደሞዙ አይቋረጥ፤ ሲድን እጁ የሚችለው ሥራ ይሰጠው። ክዳኑም ዛሬውኑ ይመለስ። ሐጂ እምቢ ካሉ ቃዲው ዘንድ ከይመር ጋር እቆማለሁ። ቺንጋው ክፍቱን ሲዞር አሁን ስገባ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሼሃችን፣ ቆርቆሮውን ረሱት እንዴ?» አሉ ሐጂ ቡሽራ።

«አልረሳሁም፤ እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ የማስበው እሱን ነው። ዝናብ እየመታን እንሰግዳለን። የአላህ ቤት በሰው ሐቅ አይከደንም።»

ብዙዎቻችን ይቅር ማለት ሐቅን መተው ይመስለናል። የሚተወው ድሃ ሲሆንማ ታጋሽ ነው፣ ሰብር አለው ብለን እናሞግሰዋለን። ሼህ ጀውሃር ግን የከለከሉት ይቅርታን አልነበረም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው አፉ ብያለሁ ቢል፣ ያ ቃል የእሱ ሳይሆን የረሃቡ ነው። ሐቁን ያገኘ ሰው ግን ይቅር ቢልም ባይልም ቃሉ የራሱ ነው።

ሐጂ ቡሽራ ወደ በሩ ዞረው «ሞተሩን አጥፉት! ክዳኑን ፈልጋችሁ ግጠሙ!» ብለው ጮኹ። ወፍጮው ጸጥ ሲል ቤቱ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ይሰማ ጀመር።

«ሼሁ ያሉት ሁሉ ይሁን። ነገ ሐኪም ቤት እኔው እወስደዋለሁ» አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ይመር ተጠጉ። «አሁንስ፣ አፉ ትለኛለህ?»

ይመር የተጠቀለለ እጁን ተመለከተ። ከዚያ ተነሥቶ ጫማውን በግራ እጁ አነሣና ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ ሄደ።