የኪሊያን እሁድ

አንድ የውኃ አባት ነበር። አገሩ አሜሪካ፣ ግዛቱ አይዳሆ፣ ስሙ ኦርሰን። ሞርሞን ከሚባሉት የክርስትና ወገን ነው፤ የመንደሩም ሰው ሁሉ ሞርሞን ነው። እነዚህ ሰዎች እምነታችሁ ከእኛ አይገጥምም እየተባሉ ከከተማ ከተማ ሲባረሩ ኖረው፣ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ወደ ምዕራብ የተሰደዱ ናቸው። እዚያም ወዲያው አልቀናቸውም፤ በአይዳሆ ድምፅ እንዳይሰጡ በሕግ የተከለከሉበት ዘመን ነበር። በሥራ ግን ማን ይችላቸዋል! ቁጥቋጦ ብቻ ይበቅልበት የነበረውን ደረቅ ሜዳ በአካፋ ቆፍረው፣ ከወንዙ ቦይ ስበው ስንዴ አበቀሉበት። መጠጥ አይቀምሱም፣ ትምባሆ አያጨሱም፣ ቡና እንኳ አይጠጡም። አዎ፣ ቡና! እኔም ስሰማ እንደ እናንተው አማትቤአለሁ።

የኦርሰን ሥራ ውኃውን በተራ ማደል ነበር፤ ለዚህ ቤት ሰኞ፣ ለዚያ ቤት ማክሰኞ። ችግሩ እሁድ ነው። ሰንበትን አጥብቀው ስለሚያከብሩ በዚያን ቀን አካፋ የሚነካ የለም፤ ውኃው ደግሞ ሰንበት አያውቅም፣ ይፈሳል። ስለዚህ ኦርሰን ማንም ያልፈለገውን የእሁድ ተራ በቦዩ ጭራ ላይ ለሚኖረው ለኪሊያን ሰጠው። ኪሊያን የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ መጥቶ እዚያው የቀረ አየርላንዳዊ ነው። ሞርሞን አይደለም። ፒፓውን ያጨሳል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ የሰው ደጅ አይረግጥም።

ሞርሞኖች በየወሩ የመጀመሪያውን እሁድ ይጾማሉ። ጾመው ይሰበሰቡና፣ የፈለገ ሁሉ እየተነሣ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይመሰክራል። የኦርሰን ምስክርነት ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ፍልፈል ቦያችንን ይበሳል። ሰኞ እንደፍናለን፣ ሐሙስ እንደፍናለን። እሁድ ግን በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተንዶ አያውቅም! ሰንበቱን ለሚያከብር እግዚአብሔር ቦዩን ይጠብቅለታል።»

ሕዝቡ «አሜን» ይላል፤ ኦርሰንም ደረቱን ነፋ አድርጎ ይቀመጣል። ውሸታም አልነበረም፣ ከልቡ ነው።

አንድ ዓመት በረዶው እንደቀለጠ ሦስት አዳዲስ የሞርሞን ቤተሰቦች መጡ። እነሱም ውኃ ያስፈልጋቸዋል። የመንደሩ ዓይን ወደ ቦዩ ጭራ ዞረ። ስንዴው ከፍ ከፍ ሲል ኦርሰን ሄዶ ኪሊያንን ማሳው ላይ አገኘው።

«ካሁን ወዲያ ውኃ የለህም» አለው። «ቦዩ የቆፋሪዎቹ ነው። የእሁዱ ውኃ በራሱ እየፈሰሰ ለአዲሶቹ ሰዎች ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል።»

ኪሊያን ፒፓውን ከአፉ አወጣ። «እሁድ ቦዩን ማን ሊዞረው ነው?»

«እግዚአብሔር! አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆልን የለ እንዴ?»

ኪሊያን አየት አደረገውና «እንግዲያስ እኔ ምን አገባኝ» ብሎ አካፋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ገባ።

ኪሊያን ውኃ ከተከለከለ በሦስተኛው እሁድ፣ ሕዝቡ መዝሙር ላይ ሳለ ቦዩ ተናደ። ሲወጡ የአራት ቤተሰብ ስንዴ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል፤ የቀረው ማሳ ደግሞ ሊያሸት ሲል ውኃ ተቋረጠበት። ይህ ስንዴ ካልደረሰ መንደሩ ዓመቱን የሚበላው የለውም። ያን ጊዜ ሰንበት ያለ የለም፤ ሴቱም ወንዱም አካፋ ይዞ ወጣ። ኦርሰን ከሚስቱ ከላቪኒያ ጋር ሌላ ቀዳዳ እንዳለ ለማየት ቦዩን ከራስ እስከ ጭራ ሲዞር፣ እስከዛሬ ልብ ያላለውን ነገር አየ። የተደፈኑ የፍልፈል ጉድጓዶች ናቸው፤ አንድ አይደሉም፣ ሁለት አይደሉም፣ መቶ ይሆናሉ። ሁሉም በተጎነጎነ የአኻያ ቅርንጫፍ ተወትፈው በጭቃ ተመርገዋል።

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አለች ላቪኒያ። «የእኛ ሰው የሚደፍነው በድንጋይ ነው።»

እሁድ አካፋ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ኦርሰን አሰበ። የማን እንደሆነ ገብቶታል፤ እፍረት ፊቱን አቃጠለው።

ኪሊያን ቤት ሲደርስ ዕቃውን ጋሪ ላይ ሲጭን አገኘው። ማሳው ደርቋል፤ ሊሄድ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለው ኦርሰን።

«ምን ብዬ ልንገርህ? በየወሩ ተነሥተህ እግዚአብሔርን ስታመሰግን በጸሎት ቤታችሁ መስኮት ሳልፍ እሰማሃለሁ። በአንተና በእሱ መሃል እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ!» አለና የጋሪውን ገመድ ጠበቅ አደረገ። «ደግሞ ለጽድቅ ብዬ የሠራሁት እንዳይመስልህ። ያለችኝ አንዲት እሁድ ናት፤ ውኃዋ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።»

«በእግዚአብሔር፣ እስከ መጪው እሁድ ብቻ ታገሠኝ» ብሎ ለመነው።

እሁድ የምስክርነት ቀን ነበር። ኪሊያንም መጣ፤ አልገባም፣ ባርኔጣውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ኦርሰን ተነሣ።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቆሜ በሐሰት መስክሬአለሁ። ሳላውቅ ነው፤ ግን ለማወቅም አልሞከርኩም። እግዚአብሔር ቦያችንን ጠብቆታል፤ የጠበቀው በኪሊያን አካፋ ነው። እኛ ‹አትመስሉንም› እየተባልን ከስንት አገር ተባረርን? እንባችን ሳይደርቅ እኛም ሰው አባረርን!»

ወደ ደጃፉ ዞረና «ኪሊያን፣ የእኔን የሐሙስ ተራ ውሰድ። የእኔ ስንዴ ይቅር» አለ።

ኪሊያን ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። «ሐሙስህን ለልጆችህ አድርገው። ለእኔ እሁዴን መልሱልኝ፤ እናንተም ተረጋግታችሁ ጸልዩ።»

መጀመሪያ ላቪኒያ ሳቀች፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ ያለቀሰም አልጠፋም። እሁዱን መለሱለት። ለአዲሶቹ ቤተሰቦች ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ከራሱ ተራ ጥቂት ሰዓት ቀነሰላቸው፤ ውኃውም በቃ፣ የተረፈውም ስንዴ ደረሰ።

ወዳጆቼ፣ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? ማመስገን መልካም ነው፤ ግን ብዙዎቻችን ምስጋናችንን ወደ ሰማይ የምንልከው ጎረቤታችንን ዘለን ነው። እግዚአብሔር ሲጠብቀን አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ ይጠብቀናል፤ ያ ሰው ደግሞ የማንወደውን የሚጠጣ፣ እኛ የምናምነውን የማያምን ሊሆን ይችላል። እናንተስ ያለ ሥጋት በምትጸልዩበት ሰዓት ቦያችሁን የሚዞርላችሁ ማን ነው? ሄዳችሁ ጠይቃችሁታል?