የትርንጎ ማሽላና ዓይን የሚበላው ስልክ

ተረት አለኝ፤ «አምጪው» በሉኝ። ስልካችሁን ደፋ ደፋ አድርጉና ስሙኝ። በዚያ ዘመን ስልክ ነበረ ወይ ብላችሁ እንዳትሞግቱኝ። እንስሳ የሚያወራበት ዘመን ስልክ አያጣም።

ድሮ ድሮ፣ ማሽላ ከሰው ቁመት በሚበልጥበት ቆላ አገር፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። አንድ ልጅ አለቻት፤ ዘርፌ ትባላለች፣ ከተማ ገብታ ልብስ ትሰፋለች። ትርንጎ አንድ ማሳ አላት፤ እሱ ካልደረሰ የዓመቱ ቀለብ የለም። አንድ ወንጭፍ አላት፤ ከቃጫ የተገመደ።

ማሽላው ፍሬ ሲቋጥር ትርንጎ ጎህ ሲቀድ ማሳው መሀል ያለው ማማ ላይ ትወጣለች፤ ጀንበር ስትጠልቅ ትወርዳለች። ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ሲመጣ ወንጭፏ «ጧ!» ይላል፤ ደመናው ይበተናል። ዝንጀሮ ከገደሉ ሲወርድ ወንጭፏ «ጧ!» ይላል፤ ዝንጀሮ ጀርባውን እያሻሸ ይመለሳል።

አንድ ቀን ግሪሳ፣ ዝንጀሮና ጦጣ ከገደሉ ሥር ተሰበሰቡ።

«ልጆቼ በረሃብ አለቁ» አለች ግሪሳ።

«የእኔም ጀርባ በጠጠር አለቀ» አለ ዝንጀሮ። «ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንውረድባት!»

ጦጣ ሳቀች። «አያ ዝንጀሮ፣ አንተ ጉልበት እንጂ ብልሃት አልፈጠረብህም። ይህች ሴት በእጇ የምትመታን መሰለህ? በዓይኗ ነው የምትመታን። ዓይኗን የሚይዝልን እንፈልግ።»

በዚያው ሰሞን ዘርፌ ለእናቷ ስልክ ላከችላት። «እማዬ፣ ድምፅሽ ናፈቀኝ፤ በዚህ እንገናኝ» ብላ። ትርንጎ ስልኩን ሳመችው። በመሀረብ ቋጥራ ማማው ላይ ይዛው ወጣች። ውሃ ልትቀዳ ወረድ ስትል ግን ጦጣ ሽቅብ ተንጠላጥላ ከስልኩ ጎን ቁጢጥ አለች።

«አንተ የምታብረቀርቀው፣ ምን ትበላለህ?»

«ዓይን» አለ ስልኩ። «ሲያዩኝ እወፍራለሁ፤ ሲተዉኝ እከሳለሁ።»

«እኛ የምንበላው ማሽላ ነው። ዓይኗን አንተ ብላ፤ ማሽላዋን ለእኛ ተውልን።»

«ምን ገዶኝ!» አለ ስልኩ። «አንድ ጊዜ ብቻ እይኝ እላታለሁ። እኔን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ የተመለሰ ደግሞ የለም።»

በማግሥቱ ስልኩ «ጢን!» አለ። «እትዬ ትርንጎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እይኝ! ማዶ መንደር ሠርግ አለ።»

ወንጭፉ «ኧረ እትዬ፣ ግሪሳ መጣች!» ብሎ ጮኸ።

«ቆይ፣ ሙሽራዋን ልያት» አለች ትርንጎ። ሙሽራዋን ስታይ ሚዜዎቹ መጡ፤ ሚዜዎቹን ስታይ ጭፈራው መጣ። ቀና ስትል የማሳው ዳር ተራቁቷል።

በሁለተኛው ቀን «ጢን!» አለ። «እትዬ ትርንጎ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ይሰዳደባሉ፤ አገሩ ሁሉ ሰምቷል፤ አንቺ ብቻ ቀረሽ!»

«ኧረ እትዬ፣ ዝንጀሮ ወረደ!» አለ ወንጭፉ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል! እኔ ለምን እቀራለሁ?» አለች። ስድቡ በስድብ ላይ ተከመረ። ቀና ስትል የማሳው ጎን ተሰባብሮ ተኝቷል።

በሦስተኛው ቀን «ጢን!» አለ። «እትዬ ትርንጎ፣ ሰው ስለ አንቺ ምን እያለ እንደሆነ አታዪም?»

ወንጭፉ አልጮኸም። ምን ብሎ ይጩህ? ጦጣ ያን ቀን አልሮጠችም፤ አልተደበቀችም። የማማው እግር ሥር ተቀምጣ፣ እሸቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እያላመጠች ዋለች።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዘርፌ ደወለች።

«እማዬ፣ ዛሬ ትንሽ ተሻለኝ።»

«ከምኑ ነው የተሻለሽ?»

«ከሕመሜ ነዋ! ትናንት በትኩሳት ነድጄ ነበር እኮ። ነግሬሽ ‹እሺ፣ እሺ› አልሽኝ።»

ትርንጎ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችው። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን በእጇ ይዛ ውላለች፤ ልጇን ግን አልሰማቻትም። ቀና ብላ ማሳዋን አየች። ሲሶው የለም። ልጇንም ማሳዋንም አሰበችና፣ እዚያው ማማው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሲበቃት እንባዋን በቀሚሷ ጠረገችና ተነሣች።

ጎረቤቷ ጋሽ ሙሔ አጥሩን ሲጠግን ልቅሶዋን ሰምቶ መጣ፤ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። «ይህን የተረገመ ዕቃ ወንዝ ውስጥ ወርውሪው!» አላት።

«አልወረውረውም፤ የልጄ ድምፅ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ግን ጋሽ ሙሔ፣ እስከ ዛሬ እሱ ሲጠራኝ አቤት አልኩ። ከነገ ጀምሮ እኔ ስጠራው አቤት ይበል!»

ለዘርፌም መልሳ ደውላ እንዲህ አለቻት፦ «ልጄ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ወፉም ጥላ ሥር ሲገባ፣ ያን ጊዜ ደውዪልኝ። ጆሮዬ በሙሉ ያንቺ ነው። ክፉ ነገር ከገጠመሽ ግን በጋሽ ሙሔ ስልክ ደውዪ፤ እሱ ሮጦ ይጠራኛል።»

በማግሥቱ ስልኩን ገንቦ ውስጥ ከተተችው። የገንቦውን አፍ በጨርቅ አሠረችና ማማው ሥር አስቀምጣው ወጣች።

«ጢን! እትዬ ትርንጎ፣ የሠርጉ መልስ ዛሬ ነው! ሁሉም እያየ ነው፤ ትቀሪያለሽ!»

«ልቅር!» አለች ትርንጎ። ወንጭፏም «ጧ!» አለ። ግሪሳ ተበተነች።

«ጢን! ጎረቤታሞቹ ሽማግሌ ተቀምጦላቸዋል! አገሩ ሁሉ እያወራ ነው፤ ትቀሪያለሽ!»

«አገሩ ያውራ! እኔ ልቅር!» ወንጭፏ «ጧ!» አለ። ዝንጀሮ ወደ ገደሉ ሸሸ።

ስልኩ ከሳ። ሲከሳ ጊዜ ጨነቀው፤ ሲጨንቀው ውሸት ጀመረ። «ጢን! ጢን! ልጅሽ ታማለች! ልጅሽ ልትሞት ነው!»

ወንጭፉ ከትርንጎ እጅ ላልቶ ተንጠለጠለ፤ አንድ እግሯ መሰላሉን ረገጠ። ጦጣ ይህን ስታይ አፏጨች። ግሪሳ ከምሥራቅ፣ ዝንጀሮ ከገደሉ፣ ጦጣ ከወንዙ ዳር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡ።

ትርንጎ ግን ወደ ገንቦው አልወረደችም። ወደ ጋሽ ሙሔ አጥር ዞራ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ተጣራች።

«ጋሽ ሙሔ! ከዘርፌ የተሰማ አለ ወይ?»

ጋሽ ሙሔ ካጎነበሰበት ቀና አለ። «ጤናዋን ልጠይቅ አሁን ደውዬላት ነበር! ደህና ናት፤ ሥራ ላይ ናት!»

ያን ጊዜ የትርንጎን ቁጣ ብታዩት! እግሯን ከመሰላሉ መለሰች፤ መቀነቷን አጠበቀች። «በልጄ ስም ዋሸኸኝ?» አለች። «ስሙ እናንተ ሁላችሁ! ዓይኔ የእኔ ነው! ቀኔ የእኔ ነው! የሚነካውን እናያለን!»

«ጧ!» ወደ ምሥራቅ። «ጧ!» ወደ ገደሉ። «ጧ!» ወደ ወንዙ ዳር። ጠጠሩ ሲያልቅባት የደረቀ ጭቃ ወረወረች፤ ጭቃው ሲያልቅባት በጩኸቷ ብቻ መለሰቻቸው።

በመጨረሻ ጦጣ ከሩቅ ሆና እጇን አጣጠፈች። «እትዬ ትርንጎ፣ እንስማማ። ጥቂት ጥቂት ብቻ እንቅመስ።»

«በጥቂት ጥቂት ነው ሲሶውን የወሰዳችሁት!» አለች ትርንጎ። «ጧ!»

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ወረደችና ገንቦውን ፈታች። ዘርፌ ደወለች። ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠቻት። ልጅቱ ደህና ነኝ ብትልም፣ ከሳቋ በኋላ የምታስላትን ትንሽ ሳል ለየቻት። «ሳሉ አልለቀቀሽም፤ ነገ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አለቻት። ዘርፌም «እማዬ፣ ዛሬስ ሰማሽኝ» አለችና አለቀሰች።

አጨዳው ደረሰ። ከሦስት እጅ ሁለት እጁ ገባ። የጠፋው አልተመለሰም፤ ያን ዓመት ትርንጎ ጎመን ስታበዛ፣ እንጀራ ስታሳንስ ከረመች። ግን ከማንም ደጅ አልቆመችም።

ስልኩ ገንቦው ውስጥ ሆኖ «እኔ ትዕግሥት አለኝ፤ ለከርሞም እጠራሻለሁ» አላት።

«ጥራኝ» አለች ትርንጎ። «እኔም ለከርሞ እምቢ የምልበት አፍ አለኝ።»

ለዚህ ነው የቆላ ሰው «ዓይኑን ያዋሰ፣ ማሳውን አስረከበ» የሚለው።

እኔ የያዝኩትን አውርቼ ጨረስኩ፤ እናንተም የያዛችሁትን ሥራ ጨርሱ።