ተፈልገው ያልተገኙ ስሞች

አንድ የካርድ ክፍል ኃላፊ ነበር፤ እንዳልካቸው ይባላል። ትጉ ሰው ነው፣ በሥራው አይታማም። በአንዲት የወረዳ ከተማ ሐኪም ቤት ሲመደብ የጠበቀው አቧራ የጠጣ የካርድ ክምር ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ሳይታክት የእያንዳንዱን ታካሚ ስም ኮምፒውተር ውስጥ አስገባና ከሀ እስከ ፐ በተራ ሰደረው። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ አንድ ቦታ። ስሙን ሲጽፉለት ካርዱ ያለበትን መደርደሪያ ወዲያው ይናገራል። እውነቱን ለመናገር እኔም ባየሁት ጊዜ አፌን ይዤ ነው የቀረሁት።

ከእሱ በፊት ክፍሉን ይዘው የኖሩት እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። እሳቸው አንድ የተቀዳደደ ደብተር ነበራቸው። ደብተሩ ላይ የሰዎች ሌላ ስማቸው ተጽፏል፤ የክርስትና ስም፣ የቁልምጫ ስም፣ «የእገሌ እናት» እየተባለች የምትጠራዋ ሴት የራሷ ስም። እንዳልካቸው ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየውና ሳቀ። አንድ ሰው አራት ቦታ ተጽፎ ምን ሥርዓት ይኖራል ብሎ ከአሮጌ ወረቀት ጋር አስወገደው። እትዬ ጥሩወርቅንም በር ላይ ተራ ቁጥር እንዲያድሉ አዛወራቸው። ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

አዲሱ አሠራር በተጀመረ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ፈንታሁን የሚባል ገበሬ ሚስቱን በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። ትኩሳቱ አስቷታል፣ አትናገርም። ሐኪሟ መርፌ ስታዘጋጅ ፈንታሁን ለመናት። ሚስቱ ልጃገረድ ሳለች እዚሁ ሐኪም ቤት መርፌ ተወግታ ልትሞት ነበር፤ የማይስማማት መድኃኒት ካርዷ ላይ በቀይ ተጽፏል፤ ስሙን ግን እሱ አያውቀውም። ሐኪሟም እጇን ሰበሰበች። ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለኝ፣ አንዱ ያድናታል፣ አንዱ ሊገድላት ይችላል፣ ብዙ የምንቆይበት ጊዜ የለንም፣ ሩጥና ካርዷን አምጣ አለችው።

ፈንታሁን እያለከለከ የካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ደረሰ። ስሟን ሲጠየቅ ወለላ ካሴ አለ። እንዳልካቸው ጻፈው። የለም። ደግሞ ጻፈው፤ አሁንም የለም። በዚህ ስም እዚህ የታከመች ሴት የለችም፣ ምናልባት ሌላ ቦታ ታክማ ይሆናል አለው። ፈንታሁን እዚሁ ነው ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። እንዳልካቸውም ኮምፒውተር አይዋሽም አለና የሚቀጥለውን ባለተራ ጠራ። ሰውየው የመስኮቱን ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ማልቀስ ጀመረ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት መቼም ያስጨንቃል።

እትዬ ጥሩወርቅ ተራ ቁጥራቸውን ወንበሩ ላይ ትተው መጡ።

«ወለላ ያላት ማን ነው፣ ልጄ?» አሉት።

«እናቴ ናት። ሙሽራ ሆና የገባች ለት ያወጣችላት ስም ነው። በእኛ አገር ለምራት ስም የምታወጣው አማት ናት።»

«በአባቷ ቤትስ ማን ነበር የምትባለው?»

ፈንታሁን አፍጥጦ አያቸው። «ስንዱ» አለ። «አዎ፣ ስንዱ ነበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በዚያ ስም ጠርቻት አላውቅም።»

ስንዱ ካሴ ተብሎ ሲጻፍ መደርደሪያው ወጣ። ካርዱም ተገኘ፤ ቀዩ ጽሑፍ አሁንም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በቀይ የተጻፈው ሐኪሟ መጀመሪያ ልትሰጣት ያዘጋጀችው መድኃኒት ራሱ ነበር። ሌላውን ሰጠቻት፤ በሦስተኛው ቀን ስንዱ ቀና ብላ አጥሚት ጠጣች።

እንዳልካቸው ሊያመሰግን እትዬ ጥሩወርቅ ወዳሉበት ሄደ። እሳቸው ግን ምስጋናውን አልፈለጉትም።

«ይቺስ እሺ፣ ተገኘች» አሉት። «ደብተሬን ከጣልከው ወዲህ ስንቱን የለም ብለህ እንደሸኘህ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ኮምፒውተሩ ግን ያውቅ ነበር፤ ተፈልጎ ያልተገኘውን ስም ሁሉ ከነቀኑ ይይዛል። ከፍቶ ቢያየው አራት መቶ አሥራ ስድስት ስም ነው። ደብተሩ ባይኖርም እትዬ ጥሩወርቅ ስሞቹን በቃላቸው ያስታውሱ ነበርና፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ በአንድ ይፈቱት ጀመር። «የጌጤ እናት» ተብላ የተፈለገችው በራሷ ስም ተገኘች። በክርስትና ስሙ የተጠየቀው በዓለም ስሙ ተገኘ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም መደርደሪያው ላይ ነበሩ።

ከዝርዝሩ ውስጥ መምሬ ውቤ የሚል ስም አራት ጊዜ፣ በአራት የተለያየ ቀን ተፈልጓል። ሽማግሌው አራት ጊዜ መጥተው አራት ጊዜ ተመልሰዋል ማለት ነው። ካርዳቸው «ቄስ ውቤ ይርዳው» ተብሎ ቀ ላይ ተቀምጧል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሐኪም በትልቁ «መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ» ብሎ ጽፎበታል። እንዳልካቸው ይህን ሲያነብ ሰው መላክ አላስቻለውም፤ ካርዱን ይዞ ራሱ ሰፈራቸው ድረስ ሄደ። ጥቁር የለበሱ ወይዘሮ በሩን ከፈቱለት። ስለ መምሬ ሲጠይቃቸው ባለቤታቸው እንደሆኑ ነገሩት።

«ዘገየህ፣ ልጄ» አሉት። «ካርድዎ ካልተገኘ መድኃኒቱ አይሰጥም ሲሏቸው ተስፋ ቆርጠው ተቀመጡ። ከቀበርናቸው አሥራ ሁለት ቀን ሆነ።»

«የመለስኳቸው እኔ ነኝ» አለ እንዳልካቸው፤ ካርዱን እንደያዘ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አለ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። ሥርዓት ወዳድ ነበር፤ ተራውም ስድሩም ያማረ ነበር። ነገር ግን መዝገብ የሚሠራው ለሚፈልገው ሰው ነው፤ የሚፈልገው ሰው ደግሞ የሚጠይቀው በለመደው አጠራር ነው። ያንን አጠራር ያላወቀ መዝገብ፣ በጉያው የያዘውን ሰው ይክዳል። እኛም እንደዚሁ «አላገኘሁም» ማለት ሲገባን «የለም» ብለን ሰው እንመልሳለን። እስቲ እናስብ፦ አንድ ጥያቄ ጨምረን ብንጠይቅ ኖሮ የምናገኘውን ስንቱን ሰው መልሰነው ይሆን?