በሩን አላልፍ ያለው ውሻ

ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን ይስጠኝ። የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ይነሳ፤ ይህ ተረት አንድ እርምጃ ሄዶ ሦስት እርምጃ የሚመለስ ነው።

አንጓች የምትባል አህያ ነጂ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማሰሮና ጋን በአህያ ጭና ገበያ ስታመላልስ የኖረች፣ ሁሉን ነገር ከኋላ ሆና መንዳት የለመደች ሴት ናት። ሁለት አህዮች ነበሯት። ባለፈው ወር አንዷን ጅብ አጥር ጥሶ በላባት፤ አንጓች ደክሟት ተኝታ ምንም አልሰማችም። ጠዋት ሰኮናዋን ብቻ አግኝታ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ፣ ውሻ ያስፈልገኛል አለች። በዕድሜዋ ውሻ ኖሯት አያውቅም፤ ግን አንጓች አንዴ ካለች አለች ነው።

ከኮረብታው ማዶ ያለው አያ ልመንህ አራት ጎረምሳ ቡችሎች ስለነበሩት መርጠሽ ውሰጂ አላት። እሷም እንደምታውቀው መረጠች፤ እንደ አህያ ማለቴ ነው። የአንዱን ከንፈር ገልጣ ጥርሱን ቆጠረች። የሌላውን እግር አንስታ ሰኮና ፈለገች። የሦስተኛውን ወገብ ተጭና ይጎብጥ እንደሆነ አየች። ሦስቱ ነገሩ ሲበዛባቸው ሸሹ። አራተኛው፣ አመድማው፣ አንድ ጆሮው የታጠፈው፣ ዝም ብሎ ፊቷን ያያል። ስትቀመጥ ይቀመጣል፤ ስትነሳ ይነሳል። ይህ ጭነት አይጥልም ብላ እሱን ወሰደች።

አያ ልመንህ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "እቴ አንጓች፣ ውሻ ነው እኮ፤ አህያ አይደለም" አላት።

እንስሳ እንስሳ ነው ብላ ከውሻው ኋላ ቆመች፤ በዱላዋ መሬቱን እየመታች መንዳት ጀመረች። ውሻው ግን ሁለት እርምጃ ይሄድና ዞሮ ያያታል፤ ሁለት እርምጃ ይሄድና ዞሮ ያያታል። የግማሽ ሰዓት መንገድ ግማሽ ቀን ፈጀ። ከአጥሯ በር ሲደርሱማ ጭራሽ ቂጢጥ አለ። ከኋላው ሆና ግባ አለችው፤ ዞሮ አያት። ዞራ እንደገና ከኋላው ሆነች፤ እሱም እንደገና ዞረ። እንዲህ ሲዞሩ ፀሐይ አዘነበለች። ያ ጅብ መንገዱን ለምዷል። በሩን ከዘጋችው ውሻው ውጭ ቀርቶ ይበላል፤ ክፍት ከተወችው አህያዋ ከመስክ ብትገባም ትበላለች። አንጓች ደግሞ ያን የታጠፈ ጆሮ በግማሽ ቀን ወድዳዋለች። ጀንበር ሳትጠልቅ ይህ ውሻ ይገባል አለች።

"ዱላ ሆይ፣ ውሻውን ምታልኝ" አለች። "ውሻ በር አያልፍም፤ ፀሐይ እኔን አትጠብቅም።"

ዱላው አልመታም አለ። ምን አደረገኝ፣ የቆረጥሽኝ ለአህያ ነው አለ።

አንጓች ከንፈሯን ነክሳ፣ ዱላዋን እንደያዘች ሸክላ ሠሪዎቹ ማሰሮ ወደሚተኩሱበት እሳት ሄደች። "እሳት ሆይ፣ ዱላውን አቃጥልልኝ፤ ዱላ ውሻ አይመታም፤ ውሻ በር አያልፍም፤ ፀሐይ እኔን አትጠብቅም።" እሳቱ አላቃጥልም አለ። ልጠፋ ስል ቆስቁሶ የሚያነሳኝ ዱላ ነው፣ ውለታ አለብኝ አለ። አንጓች አመዱን ረግጣ አለፈች። ከኋላዋም አንድ ሌላ ነገር አመዱን ረግጦ አለፈ፤ እሷ አላየችውም።

ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች። "ውሃ ሆይ፣ እሳቱን አጥፋልኝ፤ እሳት ዱላ አያቃጥልም፤ ዱላ ውሻ አይመታም፤ ውሻ በር አያልፍም፤ ፀሐይ እኔን አትጠብቅም።" ውሃው አላጠፋም አለ። እኔ ወደ ታች ነው የምወርደው፣ ለአንቺ ብዬ ዳገት አልወጣም አለ። አንጓች ተሻግራ ወጣች። ከኋላዋ የተንቦጫረቀውን ሰምታ እንቁራሪት ነው አለች።

አህያዋ መስኩ ላይ ትግጣለች። "አህያ ሆይ፣ ውሃውን ጠጪልኝ፤ ውሃ እሳት አያጠፋም፤ እሳት ዱላ አያቃጥልም፤ ዱላ ውሻ አይመታም፤ ውሻ በር አያልፍም፤ ፀሐይ እኔን አትጠብቅም።" አህያዋ ጆሮዋን አራግፋ አልጠጣም አለች። ጠዋት ጠጥቻለሁ፣ ሆዴን የማውቀው እኔ ነኝ አለች። ይህን የመሰለ መልስ ከገዛ አህያ መስማት እንዴት እንደሚያንገበግብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

መጫኛው ዋርካው ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። "መጫኛ ሆይ፣ አህያዋን እሰርልኝ፤ አህያ ውሃ አትጠጣም፤ ውሃ እሳት አያጠፋም፤ እሳት ዱላ አያቃጥልም፤ ዱላ ውሻ አይመታም፤ ውሻ በር አያልፍም፤ ፀሐይ እኔን አትጠብቅም።" መጫኛው አላስርም አለ። ዛሬ ገበያ አይደለም፣ ጭነት በሌለበት አልነሳም አለ። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ አንድ ክንድ ቀርቷታል። አንጓች መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ መሮጥ ጀመረች። ከኋላዋ ያለውም ሮጠ።

ከገለባው ክምር ሥር አይጥ አገኘች። "አይጥ ሆይ፣ መጫኛውን ቆርጥሚልኝ፤ መጫኛ አህያ አያስርም፤ አህያ ውሃ አትጠጣም፤ ውሃ እሳት አያጠፋም፤ እሳት ዱላ አያቃጥልም፤ ዱላ ውሻ አይመታም፤ ውሻ በር አያልፍም፤ ፀሐይ እኔን አትጠብቅም።" አይጧ አልቆረጥምም አለች። ባለፈው ቀምሼዋለሁ፣ የአህያ ላብ የጠጣ ጠፍር ነው፣ ጥርሴን አሞኛል አለች።

ከክምሩ አናት ላይ ድመት ተቀምጣለች። አንጓች ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቀና ብላ ለመነቻት። "ድመት ሆይ፣ አይጧን ያዢልኝ፤ አይጥ መጫኛ አትቆረጥምም፤ መጫኛ አህያ አያስርም፤ አህያ ውሃ አትጠጣም፤ ውሃ እሳት አያጠፋም፤ እሳት ዱላ አያቃጥልም፤ ዱላ ውሻ አይመታም፤ ውሻ በር አያልፍም፤ ፀሐይ እኔን አትጠብቅም።"

"አይጥማ በደስታ እይዝልሽ ነበር" አለች ድመቷ። "መውረድ ነው ያቃተኝ። ውሻሽን እፈራለሁ።"

"የኔ ውሻ ከአጥሬ በር ላይ ቂጢጥ ብሏል" አለች አንጓች።

"ታዲያ ከኋላሽ ያለው የማን ነው?"

አንጓች ዞረች። አመድማው ውሻ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። መዳፉ ላይ የሸክላ ሠሪዎቹ አመድ አለ። ሆዱ ድረስ በወንዝ ውሃ ርሷል። በታጠፈው ጆሮው ላይ ገለባ ተሰክቷል። ምላሱን አውጥቶ ፊቷን ያያል። ከእሳቱ ጀምሮ አብሯት ነበር፤ ያልነበረበት ቦታ የለም።

ሠላሳ ዓመት ከኋላ የሄደች ሴት ያን ጊዜ ገባት። ስትነዳው አንድ በር ያላለፈው ውሻ፣ ስትቀድመው እሳትና ወንዝ አልፏል። አፈረች፤ ቀጥሎ ሳቋ መጣ። ለመቆም ጊዜ ግን አልነበራትም። ና አላለችውም፣ ሂድም አላለችው። ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ቤቷ መራመድ ጀመረች፤ ዞር ብላ ላለማየት አንገቷን እንደ ቀንበር አደነደነች። ይህ ከሮጠችው ሁሉ ይከብድ ነበር።

ውሻው ክምሩን ትቶ ተከተላት። ውሻው ሲሄድ ድመቷ ወርዳ አይጧን ልትይዝ ዘለለች። አይጧ ከመያዝ መቆርጠም ይሻላል ብላ ወደ መጫኛው ሮጠች። መጫኛው ከመቆርጠም ማሰር ይሻላል ብሎ ወደ አህያዋ ተወረወረ። አህያዋ ከመታሰር መጠጣት ይሻላል ብላ ወደ ውሃው ወረደች። ውሃው ከመጠጣት ዳገት ይሻላል ብሎ ወደ እሳቱ ወጣ። እሳቱ ከመጥፋት ማቃጠል ይሻላል ብሎ ወደ ዱላው ተዘረጋ። ዱላውም ጭሱ ሸተተውና በአንጓች እጅ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ልምታልሽ፣ አሁኑኑ ልምታልሽ አለ።

የምትመታውን አላየሁም አለችው። እሷ በሩን አልፋለች። ውሻውም በሩን አልፎ ከእግሯ ሥር ተጋድሟል። አህያዋም ማንም ሳይነዳት ከሁለቱ ኋላ ገብታለች። ፀሐይ ጠለቀች፤ አንጓችም ያንን የሠላሳ ዓመት ዱላ ከውስጥ የበሩ መወርወሪያ አደረገችው።

በማግስቱ የጅቡ ዱካ እስከ በሩ መጥቶ፣ ከዚያ ወደ ኋላ በሩጫ ተመልሷል። ውሻው አንድ ጊዜ ጮኾ ነበር፤ አንጓችም አንድ ጊዜ ነቅታ ነበር።

ስም ሲወጣለት ደግሞ "ቅደሚ" አለችው። እንደምታውቁት በእኛ አገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። ሴቶቹ ቅደሚ ስትል ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ፤ ነገሩ ለማናችን ነው ብለው ተነጋገሩ። በመጨረሻ አያ ልመንህ ራሱ መጥቶ፣ "እቴ አንጓች፣ ይህ ስም ለማን ነው?" አላት።

"ለኔ ነው" አለችው። ቀድማው ወደ ቤት ገባች፤ ውሻውም ተከተላት።

እኔ ጨረስኩ፤ ውሻ ያላችሁ እየቀደማችሁ ግቡ፣ የሌላችሁ በራችሁን ዝጉ።