ሮቦቱን የምትጠብቀው ባለሙያ

ባለሀብቱ አቶ ልዑልሰገድ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ቀጥረው አክሲዮን በራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ሮቦት የሚሉትን ፕሮግራም ኮምፒውተራቸው ላይ አስጫኑ። እሷም በየቀኑ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ ትከታተለው ጀመር። አንድ ቀን አቶ ልዑልሰገድ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው አስጠሯት።

«ይኼ ሮቦት አይደክመውም፣ አይደነግጥም ብለሽኛል» አሏት ፈገግ ብለው። «ውሸት ከሆነ ስለዋሸሽኝ ትባረሪያለሽ። እውነት ከሆነ ደግሞ ጠባቂ ስለማያስፈልገው ትባረሪያለሽ። እስቲ የቱ ይሻልሻል?»

አለቃ ቀልዷልና ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሷ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እውነት ነው ጌታዬ፣ ሮቦቱ ጠባቂ አያስፈልገውም» አለች። «ባለፈው ሳምንት አሞኝ ስቀር እሱ ምንም አልሆነም። እርስዎ ግን ገበያው ትንሽ ወረድ ቢል ደንግጠው ሮቦቱን አጠፉና ያለውን ሁሉ በኪሳራ ሸጡት። እኔ እዚህ ተቀምጬ የምጠብቀው እርስዎን ነው።»