የአስረበብ ጭነት

በእኛ ቀበሌ አንድ ወላጅ መጥቶ «ልጄን ለፈተናው ሰሞን ብቻ አስጠኑልኝ» ካለ፣ ሰው እርስ በርሱ ተያይቶ ፈገግ ይላል። ከፈገግታው ኋላ አንድ ተረት አለ፤ ከተረቱም ኋላ አንዲት አህያ።

ይበልጣል ኮሌጅ ጨርሶ እንደ ተመለሰ፣ ቅዳሜና እሑድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን በነፃ ያስጠና ጀመር። ከሁሉ ተስፋ የጣለው በአስረበብ ላይ ነበር፤ ነገሩ እስኪገባት ድረስ «ለምን?» ማለት አትተውም። ግን ሁለት ቅዳሜ መጥታ ቀረች። ቤታቸው ሄዶ አባቷን አቶ አዱኛን ቢጠይቅ፣

«ውቂያ ላይ ነን» አሉት። «ፈተናው ሲደርስ ታጠናለች። እህሉን ዝናብ ቢመታው ግን ማን ይመልስልኛል?»

ይበልጣል ሊፈርድባቸው አልቻለም፤ እሱም የገበሬ ልጅ ነው። ከውቂያው በኋላ ግን እርሻ መጣ፤ ከእርሻው በኋላ ዘር።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው አቶ አዱኛ ልጃቸውን አስከትለው መጡ።

«በል እንግዲህ፣ ሌት ተቀን አስጠናት። ዕድሏ ይህ ብቻ ነው፤ ካላለፈች ደግሜ አላስፈትናትም።»

«ጋሽ አዱኛ፣ በአንድ ሳምንት እኮ...»

«ጎበዝ ናት ስትል አልነበር እንዴ?»

ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም፤ ቀመሩን ሁሉ እንደ ዳዊት በቃሏ አስያዛት። አስረበብ ያለማቋረጥ ታነበንባለች። ይበልጣልን ያሳሰበው ግን «ለምን?» ማለት መተዋ ነበር።

ተፈታኞቹን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው አውቶቡስ አስፋልቱ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ማለዳ ነው። የጉዞው ዕለት ረፍዶባቸው ስለነበር፣ አቶ አዱኛ አህያዋን በአንድ እጃቸው እየነዱ በሌላው የልጃቸውን ጭነት ያስሩ ጀመር። ከይበልጣል ጋር ሊሸኙ የወጡት ሽማግሌው ጎረቤታቸው አያ ፈንቴ፣

«ኧረ ቁማ ትጫን!» አሉ።

«በመንገድ አጠብቀዋለሁ!»

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ከዳገቱ በላይ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ። አህያዋ ደነበረች፤ መጫኛው ላላ፤ ብርድ ልብሱም የስንቁ ዳቦም ውሃው ውስጥ ተዘረገፈ።

«አባየ ተወው! አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው!»

ይበልጣል ሊያረጋጋት ብሎ፣ ስታነበንበው የመጣችውን አንዱን ቀመር ገልብጦ ጠየቃት።

«መምህር... ሁሉም ጠፋኝ።»

አቶ አዱኛ የሚንጠባጠብ ብርድ ልብስ እንዳቀፉ ቀና አሉ። «ምን ማለትሽ ነው? ትናንት ስታንበለብዪው አልነበር?»

ጥሩምባው ደገመ። አስረበብ ባዶ እጇን ዳገቱን ተያያዘችው፤ ይበልጣልም አውቶቡሱን ለማስቆም እየጮኸ ቀደማት። አባት የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፍቷቸው አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ አህያዋን ያያሉ። አያ ፈንቴ ወንዙ ውስጥ ገብተው መጫኛውን ጎትተው አወጡና አቀበሏቸው።

«አዱኛ ወንድሜ፣ በአህያዋም በልጅቱም አትፍረድ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»